የበጋ ሹራብ በሸማኔ ልኬት



የዚህ መድረክ አዘጋጆች የላኩት ጥሪ አጭር ነበር። አንድ ሰው ያለ ፋብሪካና ያለ ውድ መሣሪያ ለራሱ የሚሆን ቀላል የበጋ ሹራብ እንዴት ነድፎ በእጁ እንደሚሠራ ለጎንደር ሰው ይነገር ይላል። «የበጋ ሹራብ» ሲባል ከመካከላችሁ ፈገግ ያለ እንደሚኖር ይገመታል፤ ሹራብ በሐምሌ ጉምና በደባርቅ ንፋስ የሚፈለግ ልብስ ነውና። ነገር ግን ሹራብን ሞቃት የሚያደርገው ክሩና ጥብቀቱ ነው። ክሩ ጥጥ ከሆነና አሠራሩ ላላ ካለ፣ በሚያዝያ ቀትርም ደስ ብሎ የሚለበስ ልብስ ይወጣዋል።

የዚህ ዲስኩር ሐሳብ አንድ ነው፤ ደጋግሞም ይነሣል። የጎንደር ሸማኔ ለዘመናት ልብስ የሠራው በቀጥተኛ አራት ማዕዘን፣ በክር ቆጠራ፣ ምንም ሳይቆርጥ ነው። ቀላሉ የበጋ ሹራብም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ንድፍ ፍለጋ የውጭ መጽሔት ከማገላበጥ በፊት ትከሻችሁ ላይ ያለውን ነጠላ አንድ ጊዜ ዘርግታችሁ ብታዩት ይበጃል።

ነገሩ በአምስት ነጥብ ይከፈላል፤ አየሩ፣ ክሩ፣ ቅርጹ፣ ቆጠራውና ማስጌጫው። ብዙ ጊዜ የሚወስደው አራተኛው ነው።

አንደኛው ነጥብ አየሩ ነው። በውጭ መጽሔት የሚወጡ የበጋ ልብስ ንድፎች አብዛኞቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የታሰቡ ናቸው። በእነዚያ ወራት ጎንደር ዝናብ ላይ ናት። ከተማዋ የምትሞቀው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ ሚያዝያ ላይ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ትከሻ ታቃጥላለች፤ ስትጠልቅ ደግሞ ብርዱ ወዲያው ይመለሳል። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ወደ ደባርቅ ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ የበለጠ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ፣ ጎንደር ላይ ያላበው ሰው ጋቢ ይፈልጋል።

ከዚህ ሦስት ግዴታዎች ይወጣሉ። ልብሱ ላብ ይምጠጥ። ትከሻን ይሸፍን፤ ለባሕር ዳርቻ የታሰበው በቀጭን ማንጠልጠያ የሚያዝ ልብስ ለጎንደር ፀሐይ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ ሲደረብበት እንዳይጎረብጥ ስስ ይሁን። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ቀትር ላይ ቅዳሜ ገበያ ውላ፣ ማታ ፒያሳ ቡና የምትጠጣ ሴት በአንድ ቀን ሦስቱንም ትፈልጋቸዋለች።

ሁለተኛው ነጥብ ክሩ ነው። የሰሜን ደጋ ሰው የበግ ፀጉርን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ባናና በርኖስ የዚያ እውቀት ውጤቶች ናቸው። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሄደ ሰውም ከበግ ፀጉር የተሠራ ቆብ ለጎብኚ የሚሸጡ ልጆችን ከመንገዱ ዳር አይቶ ይሆናል። የበግ ፀጉር በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ይለጠጣል፣ መልሶም ይሰበሰባል፤ በመካከሉ አየር ስለሚይዝም ያሞቃል። ለበጋ ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ እሱም ከቆላው ይመጣል። መተማና ቋራ የጥጥ አገር ናቸው፤ የጎንደር ገበያም ከዚያ ወገን የሚመጣ ጥጥ ያውቃል።

ጥጥ ለሹራብ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ እስካሁን ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የመርፌ ሹራብ ሥራዎች መካከል ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያሉት የግብፅ ካልሲዎች ይገኛሉ፤ በነጭና በሰማያዊ የጥጥ ክር የተሠሩ ናቸው። ሙቀት ባለበት አገር እንደተጀመረ የሚገመት ሙያ ከጥጥ ጋር መተዋወቁ አያስገርምም።

ዛሬ በሱቅ የምታገኙት የሹራብ ክር ግን ብዙው ሰው ሠራሽ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ላብ ግን አይመጥም። መለየቱ ቀላል ነው። አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ በጥንቃቄ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ይነድና በጣት የሚደቅ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

የእጅ ፈትል ያላችሁስ? በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥጥ ዳምጠው፣ ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት የፈተሉ እናቶች እንዳሉ ጥርጥር የለውም። ያ ልቃቂት ለሹራብ ይሆናል፤ ነገር ግን ነጠላውን ክር እንዳለ አትጀምሩበት። አንድ ክር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለተጠመዘዘ፣ ሹራብ ሲሆን ያንን ጥምዘት ሊፈታ ይታገላል፤ ልብሱም ወደ አንድ ጎን ያዘማል። መድኃኒቱ ሁለት ወይም ሦስት ክር ገጥሞ በተቃራኒው አቅጣጫ መግመድ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ጥምዘት ሌላውን ይይዘውና ክሩ ቀጥ ይላል። ለሸማ ድር የሚሆነው ክር ጠንከር ብሎ የተጠመዘዘ ነው፤ ለሹራብ ለስላሳው ማግ ይሻላል።

ጥጥ ሁለት ጠባይ አለው፤ ሁለቱንም ዛሬ ያዙልኝ። እንደ በግ ፀጉር ስለማይሰበሰብ አንድ ጊዜ ከተለጠጠ እንደተለጠጠ ይቀራል። ከዚያም ላይ ከባድ ስለሆነ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይረዝማል። ሁለቱም በቆጠራ ይፈታሉ፤ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ቅርጹ አለ።

ሦስተኛው ነጥብ ቅርጹ ነው። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ካደረጉ ወዲህ ከተማዋ የእጅ ባለሙያ ከተማ ሆና ኖራለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች የራሳቸው ሰፈር ተለይቶላቸው ነበር፤ ከሽመናውና ከንግዱ ብዙው በእነሱ እጅ ነበር። ቤተ እስራኤላውያንም ሸማኔዎች፣ አንጥረኞች፣ ግንበኞች፣ ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ከጎንደር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ እስከ ዛሬ በዚሁ ትታወቃለች፤ ምንም እንኳ ነዋሪዎቿ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ቢሄዱም። በዚያው አካባቢ ያለው የፕላውሼር የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ደግሞ ሴቶችን በሸክላና በሽመና ያሠለጥናል። ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ በኖረበት አገር ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

እነዚህ ሸማኔዎች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። የሸማው ስፋት ከሸማኔው የእጅ ስፋት አያልፍም፤ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው መቀበል አለበትና። ስለዚህ ሰፊ ልብስ ሲያስፈልግ ሁለት ስፋት ጎን ለጎን ተጋጥሞ ይሰፋል። ቅዝቃዜው ሲበረታ ድርቡ ይጨመራል፤ ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። አራት ማዕዘኑ እንዳለ ይኖራል። ክር በእጅ በሚፈተልበት ቤት ጨርቅ በመቀስ ቆርጦ መጣል የማይታሰብ ነበር።

ይኸው አካሄድ ዛሬ በዓለም ገበያም ይሠራል። የፋሽን ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው ለምለም የተባለው የልብስ ድርጅት በኢትዮጵያ ሸማኔዎች የተሠሩ ስስ የጥጥ ልብሶችን ለውጭ አገር በጋ አቅርቧል። ሰፋ ብሎ በሰውነት ላይ የሚወርድ ቀላል ቅርጽና በጠርዝ ላይ የሚሄድ መስመር የልብሶቹ መለያ ነው።

እንግዲህ የሹራቡ ቅርጽ ይኸውላችሁ። ሁለት እኩል አራት ማዕዘን፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ከላይ በሁለቱ ጫፍ ትከሻው ይሰፋል፤ መካከሉ ክፍት ይቀርና አንገት ይሆናል። በጎንና በጎን ከታች ወደ ላይ ይሰፋል፤ ከላይ ያልተሰፋው የእጅ ማስገቢያ ይሆናል። ልብሱ ከትከሻ ስለሚሰፋ ጠርዙ ክንድ ላይ ይወርዳል፤ እጅጌ ሳይሠራ ትከሻ ተሸፈነ ማለት ነው። ረጅም እጅጌ የምትፈልግ ሴት ሁለት ሌሎች አራት ማዕዘኖች ሠርታ እዚያው ትሰፋቸዋለች። ከአራት ማዕዘን ውጭ የሆነ ቅርጽ የለም።

አሁን አራተኛው ነጥብ፣ ቆጠራው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ግን በየቤታችን ሲሠራ የኖረ ነገር ነው። የሳሎን ጠረጴዛ፣ የሶፋ መደገፊያ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ዳንቴል ይለብስ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በኪሮሽ ክብ ዳንቴል የሠራች እናት በየዙሩ ስንት ስንት እንደምትጨምር ታውቃለች። ብታሳንስ ጠርዙ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ ብታበዛ ይጨማደዳል። ያች እናት ንድፍ አውጪ ናት። ሒሳቡን በወረቀት ስላልጻፈችው ብቻ ሒሳብ መሆኑ አይቀርም።

ከዚህ ወደኋላ ብንሄድ የጎንደር ዘመን ትልቁ የክር ሥራም ቆጠራ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ቅርሶች አንዱ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ ረጅም የሐር መጋረጃ ነው። ከንጉሥ በካፋና ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ጋር የሚያያዘው ይህ መጋረጃ በጎንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደተሰቀለ ይታመናል። የሰው ምስል አለበት፤ ምስሉ ግን በቀለም አልተቀባም፣ በመርፌም አልተጠለፈም። ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ውስጥ ክር አሳልፎ፣ ሰሌዳዎቹን በቆጠራ እያዞሩ የተሸመነ ነው። አንድ ዙር ቢሳሳት ምስሉ ይበላሻል።

የእኛ ቆጠራ ከዚያ እጅግ ይቀላል። ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ናሙና፣ ሜትርና እርሳስ።

በሁለት የሹራብ መርፌ የሚሠራ ልብስ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እያለፈ የሚያድግ ነው። በመርፌው ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩትን «ቀለበት» እንበላቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ማለቅን ደግሞ «ረድፍ» እንበለው። መጀመሪያ ከ10 ሴንቲ ሜትር ተለቅ ያለ ናሙና ሥሩ። እጠቡት፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ሊኮማተር ይችላልና። ካደረቃችሁት በኋላ በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥሉት፤ ከታች ትንሽ ክብደት ያለው ነገር አስሩበትና አንድ ሌሊት ይደር። በጠዋቱ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበትና ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሩ። ክብደቱ የሚያስረዝመውን ርዝመት አስቀድማችሁ ያያችሁት በዚህ መንገድ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ከአዘዞ የመጣች አንዲት ተማሪ ናሙናዋ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ቀለበትና 28 ረድፍ ወጣው እንበል። የደረቷ ዙሪያ 92 ሴንቲ ሜትር ነው። አየር እንዲገባበት 8 ሴንቲ ሜትር ትጨምራለች፤ 100 ሆነ። ለፊትና ለኋላ ሲካፈል 50 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ሴንቲ ሜትር 2 ቀለበት ስላላት 100 ቀለበት ያስፈልጋታል። በስፌት የሚጠፋ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስትጨምር 102። መርፌዋ ላይ 102 ቀለበት ደርድራ ትጀምራለች።

ርዝመቱን 54 ሴንቲ ሜትር ብትፈልገው፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር 2.8 ረድፍ ስላላት 152 ረድፍ ሠርታ ትዘጋለች። አንገቱ 26 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፤ 52 ቀለበት ነው። የቀረው 50 ለሁለት ትከሻ ሲካፈል 25፣ 25 ይደርሳል። 25፣ 52፣ 25፤ ደምሩት፣ 102። ከላይ ወደ ታች 56 ረድፍ ቆጥራ ምልክት ታደርጋለች፤ እሱ 20 ሴንቲ ሜትር የእጅ ማስገቢያ ነው። ከዚያ በታች ይሰፋል። ዳሌ ላይ እንዳይይዛት የመጨረሻውን 6 ሴንቲ ሜትር ሳትሰፋ ትተወዋለች።

አሁን እናቷ ደግሞ ሥሪልኝ ብትላት? የእናት ደረት 108 ቢሆን፣ 8 ሲጨመር 116፤ ግማሹ 58፤ ቀለበቱ 116፣ ከስፌቱ ጋር 118። አንገቱ ግን ያው 52 ነው። ደረት ሲሰፋ አንገት በዚያው ልክ አይሰፋም፤ ሰፊ ሹራብ ከትከሻ የሚንሸራተተው ብዙ ጊዜ ይህ ተረስቶ ነው። የእናት ትከሻ 33፣ 33 ይሆናል።

ናሙናውን የዘለለች ሰው ምን ይገጥማታል? እጇ ጠበቅ ያለ ጓደኛዋ ቁጥሩን ገልብጣ በ102 ጀመረች እንበል። የእሷ እጅ በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ቀለበት ያወጣል። 100 ቀለበት ለእሷ 45 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ወገን ተደምሮ 91። ደረቷ 92 ከሆነ ልብሱ ይጠብባታል ማለት ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሁለት ቀለበት ልዩነት ጠቅላላ ልብሱ ላይ 9 ሴንቲ ሜትር በላ። የሌላ ሰው ቁጥር የማይገለበጠው ለዚህ ነው፤ የሚወረሰው ስሌቱ ነው።

እንግሊዝ ተወልዳ አሜሪካ የኖረችው የሹራብ መምህር ኤሊዛቤት ዚመርማን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዝነኛ ያደረጋት ይኸው አስተሳሰብ ነው። አንባቢዎቿ የእሷን ቁጥር እንዲከተሉ አላደረገችም። ናሙናችሁን ቁጠሩ፣ በደረታችሁ ልክ አባዙ፣ ሌላውን ከዚያ በመቶኛ አውጡ አለቻቸው። ብዙ ሴቶች የራሳቸው ንድፍ አውጪ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው።

ክሩ ስንት እንደሚፈጅም ከናሙናው ይታወቃል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ናሙና ወርቅ ቤት ወስዳችሁ በግራም አስመዝኑት። 5 ግራም ቢሆን፣ 50 በ54 የሆነው አንዱ ወገን 27 ናሙና ይይዛል፤ ሁለቱ 54። 54 በ5 ሲባዛ 270 ግራም። ለስፌትና ለጠርዝ ጨምራችሁ 300 ግራም ግዙ። አንድ ጊዜ መግዛት ጥቅም አለው፤ ክሩ የተነከረበት ዙር ከተለወጠ ሁለተኛው ክር ከመጀመሪያው ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ኪሮሽ ብቻ የምትችሉም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። ናሙናው በኪሮሽ ይሠራል፤ ስሌቱ ያው ነው። የኪሮሽ ሥራ ግን ወፈር ስለሚልና ክር ስለሚበላ ቀጭን ክርና ክፍት አሠራር ምረጡ።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ማስጌጫው ነው። በጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርደውን ነጭ ሕዝብ አስቡት። ነጩ መሬቱ ነው፤ ዓይን የሚይዘው ጠርዙ ላይ ያለው ጥለት ነው። የበጋ ሹራብም በዚህ ሥርዓት ቢሄድ ያምርበታል፤ ገላው አንድ ቀለም፣ ከግርጌው ሁለት ወይም ሦስት መስመር። መስመሩ በስንተኛው ረድፍ እንደሚጀምር አስቀድማችሁ ጻፉ፤ የፊቱና የኋላው ጎን ላይ ሲገናኙ እንዲገጥሙ።

ጥለት ግን ከማማር ሌላ ሥራም ይሠራል። ጥጥ ተለጥጦ እንደሚቀር ቀደም ብለን አይተናል። ልብሱ በሙሉ የተንጠለጠለው በሁለቱ ትከሻ ስፌት ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሸሸው እዚያ ነው። ትከሻ ስትሰፉ ቀጭን የተሸመነ ጥለት ከውስጥ አብራችሁ ስፉበት። የተሸመነ ነገር እንደ ሹራብ ስለማይለጠጥ ትከሻውን ይይዘዋል። የሸማኔው ሥራ የሹራቡን ድካም ይሸፍናል። ጥለቱን ከመስፋታችሁ በፊት ግን ለብቻው በውኃ ነክራችሁ በነጭ ጨርቅ ተጫኑት፤ ቀዩ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ነጩን ሹራብ ከማበላሸቱ በፊት ይታወቃል።

አንድ ነገር ስለ ክፍተት። በወፍራም መርፌና በቀጭን ክር የተሠራ ሹራብ ይናፈሳል፤ ግን ያሳያል። ለቤትና ለሜዳ ይሁን፤ ለለቅሶ ቤትና ለቤተ ክርስቲያን የሚለበሰው ጠበቅ ብሎ ይሠራ፣ ወይም ከሥሩ ካናቴራ ይለበስበት። ይህን የምትወስነው ልብሱን የምትለብሰው ሴት ናት፤ የውጭው መጽሔት የወለቃንም ሆነ የአራዳን ሰው አያውቅም።

ከዚህ በላይ መማር ለሚሹ ወጣቶች ባሕር ዳር ቅርብ ናት። በ1950ዎቹ በኢጣሊያ የጦር ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለባት ከተማ፣ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አላት። የክር ጥምዘት፣ የቀለም ጥንካሬ፣ የልብስ ልኬት እዚያ በቤተ ሙከራ ይጠናሉ።

ክቡራትና ክቡራን፣ አምስቱን ነጥቦች እንከልሳቸው። አየሩ ትከሻ የሚሸፍን ስስ ልብስ ይጠይቃል። ክሩ ጥጥ ነው፤ የእጅ ፈትል ከሆነ ተገምዶ። ቅርጹ ሁለት አራት ማዕዘን ነው። ቁጥሩ ከራሳችሁ ናሙና ይወጣል። ጥለቱ ያስጌጣል፣ ትከሻም ይይዛል።

ሹራቡን መጋቢት ላይ ለመልበስ የምትፈልጉ ከጥር በፊት ጀምሩ። በዚህ ሳምንት የሚጠበቀው ግን ናሙናው ብቻ ነው፤ ሠርታችሁ፣ አጥባችሁ፣ አንድ ሌሊት አንጠልጥላችሁ የቀለበቱንና የረድፉን ቁጥር በወረቀት ያዙ። የደረታችሁን ዙሪያም ከጎኑ ጻፉት። አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው፤ የጀመራችሁትን ሥራ ይዛችሁ የመጣችሁ ቅድሚያ ይሰጣችኋል። እናቶች ከፊት ይቀመጡ።